መብራቱ ከጎን ይሁን

ቡታጅራ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይህን ብዕር የያዘችው ፈቲሀ ናት፣ የመጨረሻ ልጄ። ቃሉ ግን የእኔ የአጎትህ የሸረፋ ነው። እንግዲህ በመሃል ለስላሳ ነገር ካገኘህ እሷ ጨምራበት ነው፤ ሻካራውን ከእኔ ቁጠረው።

አሰላሙ ዓለይኩም የእህቴ ልጅ ሀቢቡ። አላህ ባለህበት አገር ከክፉ ሰው ዓይንም ከክፉ ሰው እጅም ይሰውርህ። እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። ጉልበቴ ብቻ ዳገት ሲያይ ይቆጣል። እናትህ ሃሊማ ከእኔ ትሻላለች፤ ዛሬም ከጓሮዋ እንሰት ጋር ስትታገል ነው የምትውል።

በስልክ ለምን አይነግረኝም ትል ይሆናል። በስልክ ሰው ይጯጯሃል እንጂ አይነጋገርም። በእናትህ መንደር ደግሞ ኔትወርኩ እንደ እንግዳ ነው፤ ደጅ ቆሞ ይመለሳል። ፈቲሀ ይህን ወረቀት ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ትልክልሃለች። ማንበብህን የሚናገር ምልክት አለ ብላኛለች፤ ስለዚህ አልደረሰኝም የሚል ነገር አልሰማም።

ባለፈው አረፋ ትመጣለህ ብለን በሬ ገዝተን ጠበቅንህ፣ ቀረህ። «ዕቃ አልገባልኝም፣ ሱቁን ማን ይይዘዋል» አልክ። በምትኩ «የእናቴ ፊት እየጠፋኝ ነው፣ ፈቲሀ ቤቷ ድረስ ሄዳ ጥሩ ፎቶ ታንሳልኝ» ብለህ ከዚያ በመጣው በሰይዶ እጅ ፍላሽ የሚሉትን የካሜራ መብራት ላክህ። ሰይዶ አድርሷል፣ አልበላውም።

የፈቲሀን ሥራ ታውቃለህ። ያገለገለ ካሜራ ገዝታ፣ ስቱዲዮ መግባት የሚያፍሩትን ሴቶች፣ አራሶቹን፣ ከመደብ የማይነሱትን ሽማግሌዎች በየቤታቸው እየሄደች ታነሳለች። እኔ አልወደድኩትም ነበር። አሁንም አልወደድኩትም፣ ለመድኩት እንጂ። ይህን ስል ሳቀች። ጻፊ አልኳት።

ፍላሽህን ካሜራው ራስ ላይ ሰክታ እናትህን አነሳቻት። ፊቷ ዱቄት የተነፋበት መሰለ። ግንባሯ እንደ ሳህን ያበራል። ከኋላዋ ጥቁር ጥላ እንደ ሌባ ቆሟል። ሃሊማ ስታየው «ይህቺ ማን ናት? አላህ ይማራት» አለች።

«ፍላሹን ከካሜራው አውርደሽ ራቅ አድርጊው» ብለሃታል አሉ። አወረደችው። ሲወርድ ዝም አለ። ለካ ተራርቀው የሚጠራሩበት ትሪገር የሚሉት ነገር አለ፤ እሱን አልላክህም። በሬ ልኮ ቀንበር መርሳት ማለት ይህ ነው። ልጄ አዲስ አበባ ድረስ ሄዳ አሮጌውን ገዛች። ዋጋውን አልነግርህም፤ ለማኝ አይደለሁም። ግን ያወረድነውን መብራት የት እናስቀምጠው? ምንስ ላይ እንስቀለው? ይህን ንገረን።

ደግሞ አንድ ነገር በቀጥታ መልስልኝ። ለመጪው አረፋ ትመጣለህ ወይስ አትመጣም? ከመጣህ ይህ ሁሉ ብልጭታ አያስፈልግም። የአንተ ዓይን ከካሜራ ይበልጣል።

አጎትህ ሸረፋ

—

ጆሃንስበርግ፣ ታኅሳስ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወአለይኩም ሰላም ወራህመቱላሂ አጎቴ። አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው፤ ጉልበትዎንም ከዳገት ጋር ያስታርቀው። ቁጣዎን ሳነብ ቡታጅራ የተቀመጥኩ መሰለኝ፤ ናፍቆኝ ነበር።

ትሪገሩን መርሳቴ ልክ ነዎት፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። አሁን ለፈቲሀ የምነግራትን ይስሟት። እዚህ ፎቶ ቤት የነበረው ሰው ያሳየኝ ነው። ውድ ዕቃ አያስፈልጋትም። ፍላሹን በረጅም እንጨት ጫፍ አስራ ሰው ይያዝላት። በቀጥታ ወደ እናቴ አታዙረው፤ ወደ ነጭ ጣሪያ ወይም ወደ ነጭ ግድግዳ ታዙረው። ብርሃኑ እዚያ ነጥሮ ለስልሶ ይመለሳል። ነጭ ጣሪያ ከሌለ ነጭ ጨርቅ ትዘርጋ። ኃይሉንም ትቀንሰው።

የእኔን ፎቶ ለእናቴ አትማችሁ ስጡልኝ። ሱቁ በር ላይ ነኝ፣ በልቼ አድሬያለሁ፣ አትስጋ በሏት።

ስለ አረፋው ኢንሻአላህ። ሥራው ነው የያዘኝ። ፎቶው ግን ቶሎ ቢደርሰኝ ደስ ይለኛል።

ልጅዎ ሀቢቡ

—

ቡታጅራ፣ ጥር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ብዕሩ አሁንም በፈቲሀ እጅ ነው፤ ግን ዛሬ ተኮራርፈናል፣ ምክንያቱን ትሰማለህ። ሰላምታዬ ይድረስህ። አላህ የረሳኸውን ያስታውስህ።

አንተ ልጅ፣ የተወለድክበትን ቤት ረሳኸው? ነጭ ጣሪያ ትላለህ! የእናትህ ሳር ቤት ጣሪያ ከአያትህ ጀምሮ ጭስ የጠጣ ነው። ጥላሸቱ ያንጸባርቃል። ፈቲሀ መብራቱን ወደ ላይ አዙራ ብልጭ አደረገችው፤ ጉድጓድ ውስጥ እንደ ወደቀ ድንጋይ ዋጠውና አለቀ። የሚመለስ ብርሃን የለም። ነጭ ግድግዳ ያለው ቆርቆሮ ቤት እኔ ጋ አለ፣ ወደዚያ እንውሰድሽ ብላት ሃሊማ «ልጄ እዚህ ነው የተወኝ፣ እዚሁ ያግኘኝ» ብላ እምቢ አለች።

ስለዚህ ነጭ ጨርቅ። ልጄ ሆዬ ገበያ ወጥታ ብዙ ክንድ አቡጀዲ ገዛች። ሻጩ ለምን ፈለግሽው አላላትም፤ ፊቷን አይቶ «አላህ ያጽናሽ» አላት። እሷ ደግሞ ስለ መብራት እያሰበች «አሚን» ብላው ሄደች! ከዚያ የአክስቷን ቤት ከምሰሶው እስከ ግድግዳው በአቡጀዲ ጋረደችው። እንግዲህ አስበው። የሃሊማ ወንድም ልጅ አቡጀዲ ገዝታ ስትገባ ያየ፣ በሩ ገርበብ ሲል ነጭ ጨርቅ ተዘርግቶ ያየ ሰው ምን ይላል? ከፈን ነዋ!

ጎረቤቷ መሕቡባ ራሷን ይዛ እየጮኸች ገባች። ኋላዋ መንደሩ ሁሉ ተከተለ። ሃሊማ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ፣ ሻሿን አስተካክላ በርጩማ ላይ ቁጭ ብላለች።

«ማን ሞተ?» አለች ሃሊማ።

«አንቺ ነሻ!» አለች መሕቡባ።

«እንዲያ ከሆነ ግቡ፣ ፎቶዬን ልጨርስና እሞታለሁ።»

መሕቡባ ተናደደች። «እኔ እንባዬን ከየት አምጥቼ መሰለሽ ያፈሰስኩት? ለሁለተኛው ጊዜ ምን ላለቅስልሽ ነው?» እያለች ወጣች። እስካሁን አታነጋግረንም። የመንደሩ ሽማግሌዎች ደግሞ እኔን ጠሩኝ፤ በዚህ ዕድሜዬ ስለ አቡጀዲ ማብራሪያ ሰጠሁ። አንተ ጆሃንስበርግ ተቀምጠህ ነው ይህን ያደረግኸው።

ጨርቁን አነሳን። ልጄ ቤት መጥታ ነጭ የዘይት ጀሪካን በቢላ ቆርጣ ፍላሹ ላይ እንደ ኮፍያ ደፋችበት። እንጨቱን እኔ ያዝኩ። አዎ እኔ፣ ስንት ሰው የሚነሳልኝ ሸረፋ፣ በእንጨት ጫፍ ጀሪካን ይዤ ቆምኩ። እውነቱን ልናገር፣ ብርሃኑ ለሰለሰ። ጥላው ጠፋ፣ የቀሚሷ ጥልፍ ሳይቀር ታየ።

ዓይኗ ግን ተጨፍኗል። ሌላ አነሳች፣ ተጨፍኗል። ቁጭ ብዬ አየሁ፣ አንድም ክፍት የለም። ፍላሽህ ፈጣን ነው ወይስ ክፉ? ልጄ «አባ፣ ኃይሉ የመጨረሻው ዝቅተኛ ላይ ነው» ትለኛለች። እኔ ደግሞ «አንቺ ነሽ የማትችዪበት» አልኳት። ኩርፊያው ከዚህ ነው። ሰው ዓይን የማያስጨፍን መብራት ካለ ላክ፤ ከሌለ ራስህ ና።

የአረፋውን ነገር ኢንሻአላህ ብለኸኛል። ኢንሻአላህ ጥሩ ቃል ነው። መደበቂያ አታድርገው።

አጎትህ ሸረፋ

—

ጆሃንስበርግ፣ መጋቢት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

አጎቴ፣ እንኳን ለኢድ አደረሰዎ። ጾማችሁን አላህ ይቀበላችሁ። መልሴ በመዘግየቱ አፉ ይበሉኝ፤ የእርስዎን ወረቀት ብዙ ጊዜ አንብቤ ብዙ ጊዜ አስቀመጥኩት። ስለ አቡጀዲው ብቻዬን ሳቅኩ።

መሕቡባን ስለ እኔ ይቅርታ ጠይቁልኝ።

አሁን ቤቱም ቀሚሱም ይቅርብኝ። ፊቷ ብቻ ይሁን፣ ቀረብ ተደርጎ። ፈቲሀ እናቴን ዓይኗን እንድትጨፍን ራሷ ትንገራት፣ «ክፈቺ» ስትላት ስትከፍት ያኔ ትጫነው። አንድ ነገር ደግሞ፣ መብራቱን ከፊት ለፊት አታድርጉት። ፊት ለፊት የሚመታ ብርሃን ፊትን እንደ ወረቀት ይጠፈጥፈዋል፣ ያለውን ሁሉ ይሸፍናል። ከጎን ይሁን፣ ከፍ ብሎ። አንዱ ጉንጭ ቢጠቁር አትፍሩት። ፊትን ፊት የሚያደርገው ጥላው ነው።

ሌላ ምንም አልጠይቃችሁም። እሷን ብቻ ላኩልኝ።

ሀቢቡ

—

ቡታጅራ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጸሐፊዬ ያቺው ናት፤ ታርቀናል። ያስታረቀን ደግሞ የእናትህ ተንኮል ነው። ሰላም ለአንተ ይሁን፤ በመጨረሻው ደብዳቤህ ላይ አረፋ የሚል ቃል እንደሌለ አስተውያለሁ። ማንበብ ባልችልም መስማት እችላለሁ።

የነገርከንን ሁሉ አደረግን። መብራቱ ከጎን፣ ከፍ ብሎ፣ ጀሪካኑ እንደ ተደፋበት። «ጨፍኚ» አለቻት፣ ጨፈነች። «ክፈቺ» አለቻት፣ ከፈተች። ልትጫነው ስትል ጨፈነች። ሙሉ ቀን ይህ ሆነ። ክንዴ ደነዘዘ። አንተን ሰደብኩ፣ ፍላሹን የሠራውን አገር ሰደብኩ፣ ልጄንም አልማርኳት።

ከዚያ ባትሪው አለቀ። ፍላሹ ጭጭ። ፈቲሀ ግን ለሙከራ በበሩ ብርሃን ብቻ አንድ ተጫነች። ምንም ብልጭ አላለም። አየነው። ዓይኗ ተጨፍኗል!

እንጨቱን ጣልኩት።

«ሃሊማ! ምን አየሽና ጨፈንሽ?»

«ብልጭ ሲል ነዋ።»

«አላለም እኮ!»

«ሊል ነበር።»

«ሴትዮ፣ የሸረፋን ጉልበት በጀሪካን ስትጨርሺ አላህን አትፈሪም?»

ሻሿን ፈታ መልሳ አሰረች። ከዚያ ምን አለች መሰለህ፦ «ወንድሜ፣ ይህ ፎቶ ካማረ ልጄ አይመጣም። እስካሁን የናፈቅኩት ፊቴ ስለጠፋው ነው። አጥርታችሁ ከላካችሁለት ግድግዳው ላይ ይሰቅለኛል። ጠዋት አይቶኝ ይወጣል፣ ማታ አይቶኝ ይተኛል። የተሰቀለች እናት ሊያይ ማን አገር አቋርጦ ይመጣል?»

እንጨቱን አንስቼ ግድግዳው ላይ አስደገፍኩት።

ነገሩ እዚያ ላይ አላበቃም። ከሣጥኗ የአንተን ፎቶዎች አወጣች፣ አምና ከአረፋ ወዲህ የላክሃቸውን። መሬት ላይ ደረደረቻቸውና ፈቲሀን ጠራቻት። «አንቺ ዓይን አለሽ፣ እስቲ እዪ። ሁሉም ላይ ኮፍያ አለ። ሁሉም ላይ በግራ ጉንጩ ነው የሚያየኝ። ቀኝ ጉንጩን ለማን አስቀመጠው?»

ፈቲሀ ጎንበስ ብላ አየች። ቀና ስትል ፊቷ ተለውጧል። «አባ፣ ፀሐዩም ሁልጊዜ ፊት ለፊቱ ነው» አለችኝ።

እንግዲህ ስማኝ። እኛን ብርሃን ከጎን ይሁን፣ ፊት ለፊት የሚመታው ያለውን ሁሉ ይሸፍናል ብለህ አስተምረኸናል። ይህ ትምህርት ለሃሊማ ብቻ ነው ወይ? አንተ ግን ግድግዳ ላይ እንደ ተለጠፈ ማስታወቂያ ተጠፍጥፈህ ትመጣለህ። እናትህ ቃል ሰጥታለች፤ እኔ ምስክር ነኝ። ኮፍያህን አውልቅ። መብራቱን ከጎን፣ በቀኝ አድርገው። ሙሉ ፊትህን ላክ። ያኔ ዓይኗን ትከፍታለች። ከዚህ ውጭ ሌላ ፍላሽ፣ ሌላ ባትሪ፣ ሌላ ምክር እንዳትልክብኝ።

ሸረፋ

—

ጆሃንስበርግ፣ ግንቦት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

አጎቴ፣ ሰላምታዬ ከዚህ ፎቶ በኋላ ካልከበደዎት ይቀበሉኝ።

መብራት የያዘልኝ ሰው የለም። የክፍሌን አምፖል በሽቦ አውርጄ ወንበር ላይ አሰርኩት፣ ነጭ ፌስታል ደፋሁበት፣ በቀኜ አቆምኩት። ስልኩን መስኮቱ ላይ አስደግፌ ራሱ ቆጥሮ እንዲያነሳኝ አደረግኩት። ብዙ ጊዜ ጨፈንኩ። ከእናቴ ነው የወረስኩት ማለት ነው።

አምና ከአረፋ በፊት ሱቄ ባለበት፣ ሎኬሽን በሚሉት የድሆች ሰፈር ረብሻ ተነሳ። ሱቁን ከእነ እኔ ዘግተው ለኮሱት። በጓሮ ቆርቆሮ ሰብሬ ወጣሁ። ቀኝ ጉንጬና ጆሮዬ እንደሚያዩት ነው። ዓይኔን አላህ አትርፎልኛል። ድኛለሁ፣ አሁን አያመኝም፤ ብርድ ሲሆን ብቻ ይወጥረኛል። የመኖሪያ ወረቀቴም እዚያው ነደደ። አዲስ ለማውጣት እየተመላለስኩ ነው። ያለ እሱ ከዚህ አገር ከወጣሁ ተመልሼ አልገባም፤ ሱቁን ደግሞ ገና በሰው ሱቅ ተቀጥሬ እየሠራሁ ነው የምተካው። «ዕቃ አልገባልኝም» ያልኳችሁ ይህን ነው።

ለዚህ አረፋ አልመጣም። ለሚቀጥለውም ቃል አልሰጥም፤ መደበቂያ አታድርገው ብለውኛልና።

አጎቴ፣ መጀመሪያ እርስዎ ይዩት፣ ማለቴ ፈቲሀ ብቻ ታሳይዎ። ለእናቴ የማይሆን ከመሰላችሁ ቅደዱት። እኔ እልሁን ተውኩት፣ እሷም ትተወው። ተጨፍኖም ቢሆን ላኩልኝ።

ሀቢቡ

—

ቡታጅራ፣ ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ፈቲሀ ናት የምትጽፈው፤ እጇ ዛሬ ይዘገያል፣ ታገሣት። ሀቢቡ ልጄ፣ ከእሳት ያወጣህ አላህ ከዚህ በኋላም አይጣልህ። አሚን በል፣ ከዚያ ቁጣዬን ተቀበል።

ተቆጥቻለሁ። አንተ ፊትህ ተልጦ ተኝተህ እኔን ስለ ትሪገርና ስለ ጀሪካን አስጮህከኝ! ቆርቆሮ ሰብሮ ከእሳት ለወጣ ሰው በሬ ገዝተን ቀረህ እያልኩ ስወቅሰው ከረምኩ። ለመሆኑ እኛ ምንህ ነን? ሰው ሐዘኑን የሚያካፍለው ለማን ነው? ይህን ይቅር አልልህም። ይቅርታውን መጥተህ፣ እግሬ ሥር ቁጭ ብለህ ነው የምትጠይቀኝ። ዘንድሮ አይደለም፣ አውቃለሁ። እጠብቃለሁ። ለመሞት አልቸኩልም።

ቅደዱት ብለሃል። ሸረፋ የእህቱን ልጅ ፊት አይቀድም። አረፋው አልፎ እንግዳው ሁሉ ወደ አዲስ አበባ እስኪመለስ ብቻ በኪሴ ያዝኩት፤ በዓል ላይ እንዳላፈርስባት። ከዚያ ባጃጅ ይዘን ሄድን። ፈቲሀ «እኔ ልስጣት?» አለችኝ። አይሆንም፣ ራሴ ሰጠኋት።

በሩ ላይ ቆማ ተቀበለችኝ። ፎቶውን ወደ ብርሃኑ አዞረችው። አልጮኸችም። እኔ ልትወድቅ ነው ብዬ ክንዴን ዘርግቼ ቆሜያለሁ። በአውራ ጣቷ ጉንጩን፣ የአንተን ቀኝ ጉንጭ፣ ወረቀቱ ላይ ዳበሰችው።

«ያመዋል?» አለች።

«ድኗል፣ ብርድ ሲሆን ይወጥረዋል ብሏል» አለቻት ፈቲሀ።

«ቅቤ የሚቀባው ሰው አለው?»

ፈቲሀ ወደ እኔ ዞረች።

«ለዚህ ነው የማይመጣው?» አለች ሃሊማ።

«ወረቀቱ ነዷል። ከወጣ አያስገቡትም» አልኳት። ሳልቀንስ ሳልጨምር ነገርኳት።

ቁጭ አለች። መሕቡባ ከአጥሩ ወዲያ ሰምታ መጣች፤ አየችውና የዚያን ቀኑን እንባ ዛሬ ጨረሰችው። ሃሊማ ግን አላለቀሰችም። ተነስታ ፊቷን ታጠበች፣ ያንን አዲስ ቀሚሷን ለበሰች፣ በርጩማዋን ምሰሶው ሥር አደረገች።

«ፈቲሀ፣ ያቺን ጀሪካንሽን አምጪ።»

«አክስቴ፣ ሌላ ቀን ይሁን።»

«ዛሬ። መብራቱን እሱ ባደረገበት በኩል አድርጊው፣ በቀኜ። ሸረፋ፣ እንጨቱን ያዝ።»

እንጨቱን አንስቼ በቀኟ ቆምኩ።

ፈቲሀ ካሜራውን አነሳችና መልሳ አወረደችው። ዓይኗን ጠረገች። ሃሊማ ተቆጣቻት። «ምን ትጠብቂያለሽ? እስካሁን የጨፈንኩት እንዲመጣልኝ ነበር። አይችልማ። እንግዲህ ይየኝ።»

ብልጭ አለ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያነሳናት፣ ሌላ አላስፈለገም።

ይኸውልህ፣ ከዚህ ወረቀት ጋር መጥቶልሃል። እንዳልከው ነው፦ ፊቷ ብቻ፣ ቀረብ ብሎ፣ ብርሃኑ ከጎን። ግራ ጉንጯ ጠቁሯል፣ አልፈራነውም። ከኋላ ያለው ጥቁር የአያትህ ጥላሸት ነው፤ እንደ ረገምኩት አልነበረም፣ እሷን ብቻ አውጥቶ አሳያት። ያላየኸው መስመር ፊቷ ላይ ብዙ አለ፤ ግማሹ የአንተ ነው። አትስቅም። ዓይኖቿ ግን ሁለቱም ክፍት ናቸው።

ግድግዳህ ላይ ስቀላት፣ ፈቅዳለች። ስታያት ግን አንተም እንዳትጨፍን።

በቃ ፈቲሀ፣ ይበቃዋል። አሁን ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ። ጮክ በይ፣ ሃሊማ አብራን መጥታ እዚሁ ጓዳ ናት፤ ዋሸ የምትለው ቦታ ካለ ታስቁመን።